እበቱ ለምድጃ፣ ሽንቱስ ለማን?

የዚህ ወር ደብዳቤዎች በረት በረት ይሸታሉ። የመጀመሪያው ረዘም ያለ መልስ ስለወሰደብኝ የሌሎቹን ባጭር ባጭሩ አልፌያቸዋለሁ። ቅር እንዳትሰኙ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ቤታችን ከጫጫ ወጣ ብሎ ነው፤ ከአባቴ ጋር እያረስኩ ነው። ሁለት በሬ፣ ሁለት ላም፣ አንድ ጊደርና አንዲት አህያ አሉን። ማዳበሪያ ተወደደብንና ኅዳር ላይ ከበረት ያወጣሁትን እበት ቆልዬ ብስባሽ ልሠራ ሞከርኩ። ይኸው ሁለት ወር ሆነው። አልሞቀም፣ አልበሰበሰም። ላዩ ደርቆ ኩበት መስሏል፣ ውስጡ ጭቃ ነው። በዚያ ላይ እናቴ «ማገዶዬን ታበሰብሳለህ» ብላ ተቆጥታለች። ጠዋት ጠዋት በረት ውስጥ እንሻማለን። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የጠየቅኸኝ ሁለት ነገር ነው። አንዱ የክምሩ፣ አንዱ የእናትህ። ከእናትህ ልጀምር። እሳቸው ካልተስማሙ ክምሩም አይሞቅም።

እኔም ያደግሁት ኩበት በተለጠፈበት ግድግዳ ሥር ነው። እናቴ ማለዳ ከበረት ያወጣችውን እበት ከጭድ ብናኝ ጋር በእጇ ታሸዋለች። ከዚያ እያድበለበለች ካቡ ላይ ጠፍ! ሲደርቅ የአምስት ጣቷ ምልክት እላዩ ላይ ይቀራል። ማታ ምድጃ ዳር ቁጭ ብዬ የእናቴ እጅ ሲቃጠል አይ ነበር።

«ኩበት ተዉ» ብሎ ማስተማር ቀላል ነው። ከሃያ ዓመት በላይ በልማት ጣቢያ ስሠራ እኔም ገበሬ እየሰበሰብኩ «እበት ወርቅ ነው፣ አታቃጥሉት» ብያለሁ። ቤቴ ስገባ ግን ሽሮዬን የማበስለው በኩበት ነው። አንድ ቀን አንዲት ባልቴት ከስብሰባው መሀል ተነሥተው «ልጄ፣ አንቺስ በምን ታበስያለሽ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ደጋችን ላይ ያለው እንጨት ባህር ዛፍ ነው፤ እሱም ለቤት ሥራና ለሽያጭ ነው። ሌሊቱ ደግሞ እንደምታውቀው ነው። ከዚያ ስብሰባ ወዲህ ማንንም እናት «አታቃጥሉ» ብዬ አላውቅም።

ይልቅ ተዋዋሉ። የበጋው እበት የእሳቸው፣ የክረምቱ የአንተ። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ኩበት አይደርቅም። ያን ጊዜ እበቱ ደጅ ይጣልና ጎርፍ ይወስደዋል። ስለዚህ ከእናትህ ምንም አትቀማም። እስቲ እናስላው። የአበሻ ከብት በቀን 10 ኪሎ ያህል እርጥብ እበት ይጥላል። ቀን ግጦሽ ላይ የሚጥለውን ተወው፤ በረት ውስጥ የሚቀረውን ግማሹን ብቻ ያዝ። አምስት ከብት በቀን 25 ኪሎ ነው። በሦስት ወር ተኩል 26 ኩንታል ያህል ይመጣል። ከጭድና ከአረም ጋር ተደባልቆ ሲበስል በጣም ይቀንሳል፤ ቢሆንም 15 ኩንታል ያህል ብስባሽ አታጣም። ለአንድ ጥማድ ሊሞላ ጥቂት ቢቀረው ነው።

ሁለተኛውን ነገር ማንም አይሻማህም። ሽንቱ። ከብት ከሚያወጣው ናይትሮጅን ግማሽ ያህሉ የሚወጣው በሽንት ነው። ናይትሮጅን ማለት ዩሪያ ብለህ ተሰልፈህ የምትገዛው ነገር ነው። ዩሪያ የሚለው ስም ራሱ ከሽንት የመጣ ነው። እናንተ ቤት ግን የበረቱ ወለል ይጠጣዋል። ማለዳ በሩን ስትከፍት አፍንጫህን የሚሰነፍጥህ ሽታ አለ አይደል? ያ ማዳበሪያህ ነው፣ ወደ ሰማይ እየሄደ።

እኔ ያደረግሁትን ልንገርህ። የበረቱን ወለል በጠፍጣፋ ድንጋይ አነጠፍኩና ወደ አንድ ጥግ በትንሹ አዘነበልኩት። ጥጉ ላይ አንድ ክንድ የሚሆን ጉድጓድ አለ። እዚያ ደረቅ አፈርና ከብቶቹ ረግጠው ያበላሹትን ጭድ እሞላለሁ። ሽንቱ ወርዶ እዚያ ይመጠጣል። በሳምንት አንዴ ዝቄ ወደ ክምሩ እወስድና በሌላ ደረቅ እተካዋለሁ። ድንጋዩን ለማንጠፍ ሁለት ቀን ነው የፈጀብን። ላሞቹም ደረቅ ወለል ላይ ስለሚተኙ ጡታቸው ንጹሕ ነው። ይህን ለእናትህ ንገራቸው፣ ወተቱን የሚያልቡት እሳቸው ከሆኑ።

አሁን ወደ ክምሩ። ያንተ ክምር በሽታው ግልጽ ነው፤ እበት ብቻ ነው። ትኩስ እበት ከአምስት እጁ አራቱ ውኃ ነው። ሲቆለል ይታመቃል፣ አየር አይገባውም። አየር ከሌለ የሚያበሰብሱት ረቂቅ ነፍሳት አይሠሩም፣ ካልሠሩ ደግሞ ሙቀት ከየት ይመጣል? ስለዚህ የሚያሳሳው ነገር ይፈልጋል። ለአንድ ባልዲ እበት ከሁለት እስከ ሦስት ባልዲ ጭድ ወይም ደረቅ ሣር።

አውቃለሁ፣ አሁን ሳቅህ። ጭድ የከብት ቀለብ ነው፤ የገብስ ጭድ ክምር ውስጥ የሚጨምር ገበሬ አባትህ ዘንድ እብድ ነው። የምልህ ጥሩውን ጭድ አይደለም። የተረገጠ፣ ሽንት የነካው፣ ከብቱ የተፋው ትራፊ አለ። ከብት የማይበላው ጠንካራው የባቄላ አገዳ አለ፤ በገጀራ ቆራርጠው። ከሁሉ በላይ አረም አለ። መስከረም መጨረሻ ላይ በየድንበሩ የቆመው አረም ፍሬ ሳይዝ ከታጨደ ለክምር የሚሆን ሌላ የለም። የባህር ዛፍ ቅጠል ግን ብዙ አታብዛ። ቶሎ አይበሰብስም፤ ሌላውንም ያዘገያል።

ጊዜውንም አስተካክል። የክረምቱን እበት በትንሽ የሣር ዳስ ሥር አከማች፣ ዝናብ እንዳያጥበው። መስከረም ማብቂያና ጥቅምት ላይ፣ አረሙ ሳይደርቅ፣ ምንጩም ሳይነጥፍ፣ ሁሉን ደባልቀህ ዋናውን ክምር ሥራ። ኅዳር ላይ ጀምረህ ውርጭና ንፋስ መሀል ነው የጣልከው። ደብረ ብርሃን አካባቢ ከፍታው ወደ 2,800 ሜትር ነው። ትንሽ ክምር እዚህ አገር ሙቀት መያዝ አይችልም። ወርዱም ቁመቱም አንድ ሜትር ተኩል ይሁን፣ ርዝመቱ እንደ አቅምህ። ንፋስ የማያገኘው ካብ ጥግ አድርገው። መሀሉ ላይ አንድ ወፍራም እንጨት አቁመህ ዙሪያውን ከምር፤ ጨርሰህ እንጨቱን ስትነቅለው ቀዳዳው መተንፈሻ ይሆናል። ላዩን በአሮጌ ጭድና በስስ አፈር አልብሰው።

እርጥበቱን በእጅህ ለካ። ከመሀሉ አንድ ጭብጥ ዝገንና ጨምቅ። በጣቶችህ መሀል ውኃ ከተንጠባጠበ በዝቷል። እጅህን ስትዘረጋ ከተበተነ ደርቋል። ተጣብቆ ከቀረና መዳፍህን ርጥብ ካደረገው ልክ ነው። ሙቀቱን ደግሞ በብረት። አንድ የፌሮ ቁራጭ መሀሉ ድረስ ሰክተህ ለጥቂት ደቂቃ ተወው። ስታወጣው ጨብጠህ መያዝ ካቃተህ ደስ ይበልህ። ለብ ካለ ብቻ አየር ወይም ውኃ ጎድሎታል።

አንድ ጥቅምት ጠዋት የማልረሳው ነገር አለ። ሜዳው በሙሉ በውርጭ ነጭ ሆኗል። የጓሮ ጎመኔ ሳይቀር ጨው የተነሰነሰበት መስሏል። ክምሬ ላይ ግን ውርጭ የለም። ቀዳዳው እንደ ጀበና ይተናል። ድመቴ እላዩ ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች። ያን ዕለት ፌሮ መስካት አላስፈለገኝም።

ያሁኑን ክምርህን አፍርሰው። የደረቀውን ልጣጭ ሰባብረህ ከጭቃው ጋር ቀላቅለው፣ ትራፊ ጨምርበት፣ እንደገና ከምረው። በየሦስት ሳምንቱ ውጪውን ወደ ውስጥ፣ ውስጡን ወደ ውጪ ገልብጥ። ባንድ ሰው ከባድ ሥራ ነው፤ ከጎረቤት ጋር ተበዳደሩ። ጥቁር ሆኖ፣ እበትነቱ ጠፍቶ፣ የዝናብ አፈር ሲሸት ደርሷል። በኛ ብርድ ከአራት እስከ ስድስት ወር ያዝለት።

አመዱንም እንዳትረሳ። ኩበት ሲቃጠል ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ ፎስፈረሱና ፖታሽየሙ ግን አመዱ ውስጥ ይቀራሉ። ትኩስ ሽንት ላይ ብቻ አትድፋው፤ ሽታውን አስነሥቶ ያበረዋል። ስስ አድርገህ ጎመንና ነጭ ሽንኩርት መደብ ላይ በትነው። መሬታችሁ አሲዳማ ከሆነ ደግሞ ይወደዋል።

ጥያቄ፦ እኔ የመንዝ ሰው ነኝ፣ ዕድሜዬ ከስድሳ አልፏል። እኛ ፍግ ድሮም እናውቃለን፣ ከአባቶቻችን ነው ያየነው። አሁን ግን ፍግ ያለበስኩት የገብስ ማሳ ሲናር በሲናር ሆነብኝ። ፍግ ሲናር ያመጣል እንዴ?

መልስ፦ አባቴ፣ ልክ ነዎት፤ ያመጣል። ሲናር ከድርቆሹና ከጭዱ ጋር በከብቱ ሆድ ይገባል። ከዘሩ የተወሰነው ሳይሞት በእበት ይወጣል። በጥሬ ፍግ ማሳ ሲያለብሱ ዘር እየዘሩ ነው ማለት ነው። ድሮም ይህ ነበር፤ ግን ድሮ ማሳው ያርፍ ነበር፣ አረሙም በግጦሽ ያልቅ ነበር። አሁን መሬቱ መች ያርፋል?

መድኃኒቱ ሙቀት ነው። ክምሩ ከ55 ዲግሪ በላይ ሞቆ ለተከታታይ ቀናት ከቆየ አብዛኛው የአረም ዘር ይሞታል። የክምሩ ዳር ዳሩ ግን እንደ መሀሉ አይሞቅም፤ እዚያ ያለው ዘር ይተርፋል። ለዚህ ነው ሁለት ሦስት ጊዜ ገልብጡ የምንለው። ማሳ ላይ ከመውሰድዎ በፊት አንድ ጣሳ ብስባሽ ውኃ አጠጥተው ጥላ ሥር ያስቀምጡ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሣር ከበቀለበት ገና ነው። የልጅ ልጆችዎ ይጠብቁልዎት፣ ይወዱታል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ከእነዋሪ ነኝ። ባለሙያ መጥቶ «ሦስት ጉድጓድ ቆፍሪ፣ ብስባሹን ከአንዱ ወደ አንዱ እያዛወርሽ» አለኝ። ቆፈርኩ። ክረምት ሲገባ ሦስት ኩሬ ሆነልኝ። እንቁራሪት ብቻ ነው ያተረፍኩት።

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን ደብዳቤ ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፣ ከዚያ አፈርኩ። በሥራ ዘመኔ እኔም ይህንኑ አስቆፍሬያለሁ። ገና ጀማሪ ሳለሁ አለቆቼ የጉድጓድ ቁጥር ይፈልጉ ነበር። በቁጥሩ ልክ ሪፖርት ጻፍኩ። ሐምሌ ላይ ዞሬ ሳይ ዋልካው ላይ የተቆፈሩት ሁሉ ሞልተዋል። አንዱ ውስጥ ጥጃ ገብታ በገመድ ነው የወጣችው። ባለቤቱ ምንም አላሉኝም። ሳይናገሩ ማየታቸው ግን እስከ ዛሬ አለ።

ጉድጓድ ቆላና ደረቅ አገር ጥሩ ነው፤ እርጥበት ይይዛል። የጅሩ ጥቁር አፈር ግን ውኃ አያሰርግም። እናንተ እኮ ማሳውን ራሱን ሹሩቤ እየሠራችሁ ውኃውን የምታስወጡ ሰዎች ናችሁ። ማሳ የማይችለውን ውኃ ጉድጓድ እንዴት ይችለዋል? ከመሬት በላይ ከምሪ፣ ከሥሩ የባቄላ አገዳ ወይም ጭራሮ አንጥፊ፣ ዙሪያውን ትንሽ ቦይ አውጪለት። ጉድጓዶቹን ድፈኛቸው፣ ልጅ እንዳይገባባቸው።

ጥያቄ፦ ከአንኮበር ነው የምጽፈው። ብስባሽ ካለኝ ኤንፒኤስና ዩሪያ የሚባሉትን የፋብሪካ ማዳበሪያዎች ልተው?

መልስ፦ ባንድ ጊዜ አትተው። ቁጥሩን ላሳይህ። አንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። አንድ ኩንታል እርጥብ ብስባሽ ውስጥ ደህና ከተሠራ ግማሽ ኪሎ ያህል ነው። እሱም ባንድ ዓመት አይለቀቅም፤ ለዓመታት ቀስ እያለ ነው። በጥማድ 20 ኩንታል ብታለብስ፣ በአህያ ጭነት ወደ 40 ገደማ፣ የምታስገባው 10 ኪሎ ናይትሮጅን ነው። በናይትሮጅን ብቻ ካየኸው ብስባሽ ደካማ ነው።

ግን ብስባሽ ሌላ ሥራ አለው። አፈሩን ያላላል፣ ውኃ ያስይዛል፣ የምትጨምረው ዩሪያም በጎርፍ እንዳይታጠብ ይረዳል። ትግራይ ውስጥ በፈረንጆች 1996 የተጀመረው፣ ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ የደከሙበት ሥራ በብስባሽ ከማዳበሪያ የማይተናነስ ምርት ማግኘት እንደሚቻል አሳይቷል። እዚያ ግን ገበሬው ከብስባሹ ጋር ተፋሰሱንም ጠብቋል፣ ግጦሹንም አስተካክሏል። እኔ ብሆን በመጀመሪያው ዓመት አንዱን ጥማድ ለሁለት እከፍለዋለሁ። ግማሹን በሙሉ ማዳበሪያ፣ ግማሹን በብስባሽና በግማሽ ማዳበሪያ። ስትወቃ ለየብቻ ስፈር። የራስህ ቁና ከእኔ ምክር ይበልጣል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ብስባሹን ማሳ ላይ ትንንሽ ጉብታ አድርገህ ሳምንት ሙሉ ለፀሐይ አትተወው። መንገድ ላይ ሳልፍ ይህን ሳይ ሆዴ ይቃጠላል። በመጨረሻው እርሻ ቀን አምጣው፣ በትነው፣ ያኑ ዕለት ገልብጠው።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ስድስት ዲቃላ ላሞች አሉኝ። አዛባው ወደ ቦይ እየወረደ ጎረቤት ሊከሰኝ ነው።

መልስ፦ ጎረቤትህ እውነት አለው። የዲቃላ ላም በቀን 20 ኪሎና ከዚያ በላይ ትጥላለች፤ ስድስቱ ከአንድ ኩንታል ይበልጣሉ። ስህተቱ መጀመሪያ በጎማ ውኃ ማጠብህ ነው። እበቱን መጀመሪያ በአካፋ በደረቁ አንሣው፣ ከዚያ ወለሉን ጥቂት ውኃ ይበቃዋል። ያነሣኸውን ከሳጋቱራና ከትራፊ ድርቆሽ ጋር ቀላቅለህ ከረጢት ሙላ። ከከተማው ዳር አትክልት የሚያለሙ ሰዎች አሉ፣ ይወስዱልሃል። ለሰላጣና ለካሮት የሚፈልጉት ከሆነ ግን ሳይበስል እንዳትሰጥ። ጥሬ እበት የነካው በጥሬው የሚበላ አትክልት ሆድ ያሳምማል።

ጥያቄ፦ ሸኖ አካባቢ ነኝ። ፍጉን ስገለብጥ አውራ ጣት የሚያክል ነጭ ትል፣ እንደ ማጭድ የተቆለመመ፣ ሞልቶበታል። ልጣለው?

መልስ፦ የጥንዚዛ ልጅ ነው። የበሰበሰ ነገር እየበላ ነው የሚኖረው፤ ክምሩን አይጎዳም። አንዳንዱ ዘመዱ ግን ሥር ይበላል፤ ስለዚህ ወደ ማሳ አብሮ ባይሄድ ይሻላል። በምትገለብጪበት ቀን ዶሮዎቹን ልቀቂያቸው። ዘወር ብለሽ ቡና አፍልተሽ እስክትመለሺ አንድም አይተርፍሽም።